ላቴክ ጭናችሁ «የለም» ሲላችሁ፦ የፓዝ ማስተካከያ መመሪያ

ላቴክ የመመረቂያ ጽሑፍና የመሳሰለውን ሰነድ የምናዘጋጅበት ፕሮግራም ነው። ሰኔ ሲቃረብ በእሱ ምክንያት ስልኬ አያርፍም። ደዋዩ ይለያያል፣ ጥያቄው አንድ ነው። «ላቴክን ጫንኩት። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። አሁን ስጠራው የለም ይለኛል። አጥፍቼ እንደገና ልጫነው?»

አትጫኑት። አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙ ላፕቶፓችሁ ላይ በሰላም ተቀምጧል። ኮምፒውተሩ «የለም» የሚላችሁ የት ሄዶ እንደሚፈልገው ስላልተነገረው ነው። ባለፈው ሳምንት ከ4 ኪሎ ፒያሳ እስክወርድ ብቻ ሁለት ሰው ይህንኑ ጠየቀኝ። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል አልኩ።

ስለ አጻጻፌ አንድ ነገር ልበል። ትዕዛዞቹን በስልክ እንደማዝዛችሁ አድርጌ በፊደላችን ነው የጻፍኳቸው። እናንተ ስትተይቡ ግን ሁሉንም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። አጻጻፉ ግር የሚል ሲሆን ፊደል በፊደል እቆጥርላችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው

ልጅ ዳቦ ስትልኩ «መጀመሪያ ጥጉ ጋ ያለው ሱቅ ሂድ፤ ከሌለ ፋርማሲው አጠገብ፤ እዚያም ካጣህ ዳቦ ቤቱ ድረስ ውረድ» ትሉታላችሁ። ልጁ በተነገረው ተራ ይሄዳል። የመጀመሪያው ሱቅ ዳቦ ካለው ገዝቶ ይመለሳል። የትናንት ይሁን የዛሬ አያጣራም። ስሙ ያልተነገረው ሱቅ ውስጥ ትኩስ ዳቦ ተከምሮ ቢውልም አያየውም።

ፓዝ ማለት ይህ የሱቆች ዝርዝር ነው። ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል የምንለው ደግሞ ኮምፒውተሩ ስም ሰጥቶ የሚይዘው አጭር ማስታወሻ ነው። ፓዝ ከነዚህ ማስታወሻዎች አንዱ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዝርዝሩ አንድ ብቻ ይመስለውና ነው። ሦስት ናቸው። ፕሮግራሙን የሚፈልገው ዊንዶውስ ወይም ኡቡንቱ የራሱ ዝርዝር አለው። ፕሮግራሙ ከተገኘ በኋላ ስታይልና ቴምፕሌት (የሰነዱን መልክ የሚወስኑ ፋይሎች) የሚፈልገው ላቴክ ሌላ ዝርዝር አለው። ፎንት የሚፈለገው ደግሞ በሦስተኛ ዝርዝር ነው። የአንዱን ችግር በሌላው ለመፍታት ከሞከራችሁ ቀኑ ይመሽባችኋል።

የሚያስፈልጓችሁ

- ዊንዶውስ 10 ወይም 11፣ አለዚያም ኡቡንቱ ያለው ላፕቶፕ። ቢያንስ 10 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይኑረው።
- የቴክ ላይቭ አይኤስኦ ፋይል። ቴክ ላይቭ ላቴክን ከነተጨማሪዎቹ አንድ ላይ የያዘው ስብስብ ነው፤ አይኤስኦ ደግሞ ያንን ሁሉ የጠቀለለ አንድ ትልቅ ፋይል። ከጓደኛ በፍላሽ ተቀበሉት፣ ወይም ኢንተርኔት ፈጣን ከሆነበት ቦታ አውርዱት። ሌላው አማራጭ ሚክቴክ ነው። እሱ የጎደለውን ጥቅል (የላቴክ ተጨማሪ ፋይሎች) በሚያስፈልገው ሰዓት ከኢንተርኔት እየጎተተ ይሠራል፤ ሰነዱ ነገ ጠዋት የሚገባ ሆኖ ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚሰማችሁ አስቡት። ስለዚህ እኔ ሙሉውን ቴክ ላይቭ እመክራለሁ።
- ኤክስፋት ሆኖ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ። ፋት32 የሆነ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ አይኤስኦው ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። 64 ጊጋባይት ባዶ ፍላሽ ይዛችሁ «ፋይሉ ትልቅ ነው» ካላችሁ ፍላሹ አልተበላሸም፣ ችግሩ ይኸው ነው። ፎርማት ሲደረግ ውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ መጀመሪያ ገልብጡት።
- የአማርኛ ፎንት። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ይሆናል። ሁለቱም ነፃ ናቸው።
- የሞላ ባትሪ። ጭነቱ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ስለሚጽፍ ይረዝማል። መሃል ላይ መብራት ሄዶ ላፕቶፑ ከጠፋ ግማሹ የተጻፈ፣ ግማሹ ያልተጻፈ ፎልደር ይቀራችኋል።
- ወረቀትና እስክሪብቶ። አትሳቁ፣ ደረጃ 3 ላይ ትፈልጉታላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ማስጠንቀቂያ

አንደኛ፣ ያለውን የፓዝ ይዘት ሳትነኩ በፊት ኖትፓድ ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጡ (ዊንዶውስ ላይ የሚገኝበትን ደረጃ 5 ላይ ታዩታላችሁ)። ብታበላሹት መመለሻችሁ እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ ላይ «ሴትኤክስ» በሚለው ትዕዛዝ ፓዝን አትቀይሩ። ብዙ ቦታ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ይህ ትዕዛዝ ከ1024 ፊደል በላይ ያለውን ቆርጦ ይጥለዋል። ፓዛችሁ ረዥም ከሆነ ጫፉ ላይ የነበሩት ፕሮግራሞች በሙሉ ከዝርዝሩ ይጠፋሉ።

ሦስተኛ፣ የአማርኛ ኪቦርዳችሁን አጥፉ። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው። አንድ ወዳጄ ላፕቶፕ ላይ ሙሉ ግማሽ ሰዓት አንድ መስመር ላይ አፍጥጬ ነበር። ሁሉም ትክክል ነው፣ ግን አይሠራም። ለካ ኡቡንቱ ላይ አንዱን ፎልደር ከሌላው የሚለየውን የእንግሊዝኛውን ኮለን ሳይሆን የእኛን ሁለት ነጥብ ነው የተየበው። «፡» እና «:» ለዓይን አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ለኮምፒውተሩ ግን የመጀመሪያው ተራ ፊደል ነው፣ አይለያይም። ስለዚህ ሁለቱን ፎልደር እንደ አንድ ረዥም ስም ቆጥሮ ይፈልገዋል፣ አያገኘውም። ድርብ ሰረዝና ሴሚኮለንም እንደዚሁ ናቸው።

ደረጃ በደረጃ

1. መጀመሪያ ያለውን ጠይቁ።

ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕትን (ትዕዛዝ የሚተየብበትን መስኮት) ክፈቱና «ዌር ዚላቴክ» ብላችሁ ተይቡ። ኡቡንቱ ላይ የዚሁ አቻ የሆነውን ተርሚናል ከፍታችሁ «ዊች -ኤ ዚላቴክ» በሉ። ዚላቴክ አማርኛ ሰነዳችሁን ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይረው የላቴክ ፕሮግራም ነው። ሲተየብ ኤክስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ቲ፣ ኢ፣ ኤክስ ነው፣ ሁሉም በትንሽ ፊደል።

መልስ ከመጣ ላፕቶፑ ላይ ቀድሞ የተጫነ አለ ማለት ነው። የማታውቁት ሰው የጫነው አሮጌ ሊሆን ይችላል። አራግፉት፣ ወይም ቢያንስ የት እንዳለ ጻፉት። ይህን የምናደርገው ልጁ መጀመሪያ የሚደርስበት ሱቅ ውስጥ የትናንት ዳቦ እንዳለ ቀድመን ለማወቅ ነው። አዲሱን ጭናችሁ አሮጌው እየተነሳ ሲያስቸግራችሁ ምክንያቱ ቶሎ አይገባችሁም።

2. የምትጭኑበትን ፎልደር ምረጡ።

ስሙ ባዶ ቦታ አይኑረው። የአማርኛ ፊደልም አይኑረው። ዊንዶውስ ላይ የተሰጣችሁን ሳትቀይሩ መተው ነው የሚሻለው፦

ሲ:\ቴክላይቭ\2025

ኡቡንቱ ላይ የተለመደው ቦታ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል። እኔ ግን በየራሳችሁ ሆም ፎልደር ውስጥ ጫኑት እላለሁ፦

/ሆም/ስማችሁ/ቴክላይቭ/2025

ሆም ውስጥ ሲሆን በኋላ ጥቅል ለመጨመርም ሆነ ለማደስ ሱዱ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚያስኬደው ትዕዛዝ) አያስፈልግም። ሱዱ ከፓዝ ጋር የራሱ ጣጣ አለው፣ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

2025 የፈረንጆች ዓመት ነው። ቴክ ላይቭ በየዓመቱ አዲስ እትም ያወጣል፤ ፎልደሩም በዚያው ዓመት ይሰየማል። የያዛችሁት የሌላ ዓመት ከሆነ ከዚህ በታች 2025 ባልኩበት ሁሉ የእናንተን አስገቡ።

ስለ ስም ካነሳን አይቀር፣ ዊንዶውስ ላይ የተጠቃሚ ስማችሁን በአማርኛ ያስገባችሁ አላችሁ። ያምራል፣ ግን ቴክ ላይቭ ለየተጠቃሚው የሚያዘጋጃቸውን ፋይሎች የሚጽፈው በዚያ ስም በተሰየመው ፎልደር ውስጥ ነው፤ አንዳንዴም እዚያ ይሰናከላል። መፍትሔው ሁለት ቫሪያብል መጨመር ነው፦ ቴክስኤምኤፍቫር እና ቴክስኤምኤፍኮንፊግ። ሁለቱም የሚጀምሩት ቲ፣ ኢ፣ ኤክስ፣ ኤም፣ ኤፍ ብለው ነው። ለሁለቱ ሲ ድራይቭ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል የተሰየሙ ሁለት ባዶ ፎልደሮች አዘጋጁና ስማቸውን ስጧቸው። ቫሪያብል አጨማመሩን ደረጃ 5 ላይ ታዩታላችሁ።

3. ጫኑ፣ የመጨረሻውን መልእክት አንብቡ።

ዊንዶውስ ላይ አይኤስኦውን ሁለቴ ክሊክ ስታደርጉ እንደ ሲዲ ይከፈታል። ውስጡ «ኢንስቶል-ቲኤል-ዊንዶውስ» የሚለውን አስነሱ። ኡቡንቱ ላይ አይኤስኦውን ከፍታችሁ በዚያው ፎልደር ተርሚናል ላይ «ፐርል ኢንስቶል-ቲኤል» በሉ። ዝርዝር ሲመጣላችሁ «ዲ» ብላችሁ ፎልደሩን ወደ ሆም ቀይሩትና ጀምሩ።

ከዚያ ቡና አፍሉ። አንድ ሲኒ አይበቃም፣ እስከ በረካ ይቆያል።

ሲጨርስ ስክሪኑ ላይ የሚቀረውን ጽሑፍ አትዝጉት። ዊንዶውስ ላይ ጫኚው ራሱ ፓዝን ያስተካክላል። ኡቡንቱ ላይ ግን አያስተካክልም። «ይህን ፎልደር ፓዝ ላይ ጨምር» ብሎ ይነግራችኋል እንጂ አይጨምርላችሁም። ሰው ሁሉ «ወደ ቴክ ላይቭ እንኳን በደህና መጡ» የምትለውን መስመር አይቶ ደስ ብሎት ይዘጋል። ዋናው ነገር ከሥሯ ነው። ወረቀቱን አውጡና ፎልደሩን እንዳለ ገልብጡ።

4. የተከፈተውን ሁሉ ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱ።

አንድ ፕሮግራም ሲነሳ በዚያች ቅጽበት ያለውን ማስታወሻ ቀድቶ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ዋናው ቢቀየር እሱ አይሰማም። ከጭነቱ በፊት የተከፈተ ኮማንድ ፕሮምፕት አዲሱን ፓዝ አያውቀውም። የላቴክ መጻፊያ ኤዲተር የሆነው ቴክስቱዲዮ ተከፍቶ ከነበረም እንደዚሁ። ዝጉት፣ ክፈቱት፣ ደረጃ 1ን ድገሙ። ዊንዶውስ የምትጠቀሙ ብዙዎቻችሁ እዚህ ላይ ይሳካላችኋል። ከሆነ 5ን ዝለሉት።

5. ዊንዶውስ ላይ ፓዝን በእጅ መጨመር።

ስታርት ላይ «ኢንቫይሮመንት» ብላችሁ ፈልጉ። «ኤዲት ዘ ሲስተም ኢንቫይሮመንት ቫሪያብልስ» የሚለው ይመጣል። ከፍታችሁ ከታች ያለውን «ኢንቫይሮመንት ቫሪያብልስ» የሚል ቁልፍ ተጫኑ። ሁለት ሳጥን ታያላችሁ። የላይኛው የእናንተ ብቻ ነው፣ የታችኛው የሁሉም ተጠቃሚ። ዊንዶውስ መጀመሪያ የታችኛውን፣ ቀጥሎ የላይኛውን ነው የሚያነበው። ስለዚህ የታችኛው ሳጥን ውስጥ አሮጌ ላቴክ ካለ እናንተ ላይኛው ላይ የምትጨምሩት መቼም ተራ አይደርሰውም።

ፓዝ የሚለውን መርጣችሁ «ኤዲት»፣ ከዚያ «ኒው» በሉና ይህን ጻፉ፦

ሲ:\ቴክላይቭ\2025\ቢን\ዊንዶውስ

«ሙቭ አፕ» እያላችሁ ወደ ላይ ውሰዱት። ከዚያ ኦኬ፣ ኦኬ፣ ኦኬ። ሦስት ጊዜ ነው፤ አንዱን መስኮት በኤክስ ከዘጋችሁት ልፋታችሁ መና ሊቀር ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ደጋግሜ አያለሁ። አንዱ «2025» ላይ ማቆም ነው። ልጁን ሰፈሩ ድረስ ልካችሁ የሱቁን በር አልነገራችሁትም። ኮምፒውተሩ በፎልደሩ ውስጥ ያሉ ንዑስ ፎልደሮችን እየከፈተ አይፈልግም፤ ፕሮግራሙ ያለበትን ፎልደር ራሱን ይፈልጋል። ሌላው ከአሮጌ መመሪያ ላይ «ዊን32» ብሎ መገልበጥ ነው። እስከ 2022 እትም ፎልደሩ በዚያ ስም ነበር፤ ከ2023 ጀምሮ «ዊንዶውስ» ሆኗል።

አዲስ ቫሪያብል ለመጨመር የፓዝን «ኤዲት» አትንኩ፤ ከላይኛው ሳጥን ሥር ያለውን «ኒው» ተጫኑ፣ ስሙንና ፎልደሩን ጻፉ፣ አለቀ።

6. ኡቡንቱ ላይ ፓዝን በእጅ መጨመር።

ሆም ፎልደር ውስጥ «.ፕሮፋይል» የሚባል ፋይል አለ። በነጥብ ስለሚጀምር የተደበቀ ነው፤ ኮንትሮል እና ኤች ስትጫኑ ይታያል። በቴክስት ኤዲተር ክፈቱትና መጨረሻው ላይ ይህን አንድ መስመር ጨምሩ፦

ኤክስፖርት ፓዝ=/ሆም/ስማችሁ/ቴክላይቭ/2025/ቢን/ኤክስ86_64-ሊኑክስ:$ፓዝ

ፓዝ ሁለቱም ቦታ በትልልቅ ፊደል ነው። ከእኩል ምልክቱ ግራም ቀኝም ባዶ ቦታ የለም። መጨረሻ ላይ ያለችው «:$ፓዝ» ደግሞ የዚህ መስመር ነፍስ ናት። «ከዚህ በፊት የነበረውን ዝርዝር ከኋላ ቀጥልልኝ» ማለት ነው። ከረሳችኋት ዝርዝሩ ላይ የቴክ ላይቭ ፎልደር ብቻ ይቀራል። ፋይል የሚዘረዝረውም፣ ሱዱም፣ ሁሉም «አልተገኘም» ይሆናል። ይህ ከደረሰባችሁ አትደንግጡ። ተርሚናሉ ላይ፦

ኤክስፖርት ፓዝ=/ዩኤስአር/ቢን:/ቢን

ብላችሁ ለጊዜው ነፍስ ዝሩበትና ፋይሉን አስተካክሉ።

የእኛን ፎልደር ከፊት ያስገባነው ሆን ብለን ነው። ኡቡንቱ ከራሱ ማከማቻ የጫነው ሌላ ላቴክ ቢኖር እንኳ ልጁ መጀመሪያ እኛ ጋ እንዲመጣ ነው።

ለምን «.ባሽአርሲ» ውስጥ አልጻፍነውም? እዚያ ቢጻፍ ተርሚናል ላይ ይሠራል። ቴክስቱዲዮን ከሜኑ ስትከፍቱት ግን ያንን ፋይል አያነብም። «ተርሚናል ላይ አለ፣ ኤዲተሩ ላይ የለም» የሚለው ስሞታ ብዙ ጊዜ ምንጩ ይህ ነው። «.ፕሮፋይል» የሚነበበው ስትገቡ ስለሆነ ሎግ አውት አድርጋችሁ ተመለሱ። ተርሚናሉን መዝጋት ብቻውን አይበቃም።

7. አረጋግጡ።

ደረጃ 1ን ድገሙ። ከአንድ በላይ መስመር ከመጣ የሚሠራው የመጀመሪያው ነው። ሌሎቹ ለወግ ናቸው። ከዚያ «ዚላቴክ --ቨርዥን» ብላችሁ ዓመቱን አንብቡ። የጫናችሁትን ዓመት ካላያችሁ ዝርዝሩ ላይ ከእናንተ የቀደመ አለ።

8. ሁለተኛው ዝርዝር፦ ቴምፕሌትና ስታይል።

አሁን ላቴክ ይነሳል። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ስትከፍቱ ግን «ፋይሉ አልተገኘም» ብሎ የአንድ ቴምፕሌት ስም ይጠራል። እዚህ ላይ ሰው ወደ ፓዝ ይመለሳል። አትመለሱ። ፓዝ ፕሮግራም መፈለጊያ ነው፤ ላቴክ ፋይል ሲፈልግ ፓዝን አያይም።

ፋይል ፈላጊውን ራሱን ጠይቁት። ስሙ ኬፒኤስኢዊች ነው፦ ኬ፣ ፒ፣ ኤስ፣ ኢ፣ ቀጥሎ ዊች፣ ሳይለያይ። «ኬፒኤስኢዊች አርቲክል.ሲኤልኤስ» ስትሉ ፋይሉ ያለበትን ሙሉ አድራሻ ይሰጣችኋል። ዝም ካለ አላገኘውም። የእናንተ የግል ፎልደር የት እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ፦

ኬፒኤስኢዊች -ቫር-ቫልዩ=ቴክስኤምኤፍሆም

ኡቡንቱ ላይ ብዙ ጊዜ ሆም ውስጥ «ቴክስኤምኤፍ» የሚል ፎልደር ይጠራል፤ ዊንዶውስ ላይ በተጠቃሚ ስማችሁ ፎልደር ውስጥ ነው። ፎልደሩ ከሌለ ራሳችሁ ፍጠሩት፣ የተለመደ ነው። ከጓደኛ የተቀበላችሁትን ቴምፕሌት እዚያ ውስጥ እንዲህ አስቀምጡ፦

ቴክስኤምኤፍ/ቴክ/ላቴክ/ቴሲስ/

በመካከል ያሉት «ቴክ» እና «ላቴክ» የግድ ናቸው፤ ፈላጊው በዚህ አቀማመጥ ነው የሚሄደው። የመጨረሻውን ስም እንደፈለጋችሁ።

ሁሉም ፋይሎች ያሉበት ትልቁ «ቴክስኤምኤፍ-ዲስት» ፎልደር ውስጥ ግን አታስገቡ። ይሠራል፤ የሚመጣው ዓመት አዲሱን እትም ስትጭኑ ግን ቴምፕሌታችሁ አሮጌው ጋ ይቀራል። «ቴክስኤምኤፍ-ሎካል» ውስጥ የምታስገቡ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በኋላ «ኤምኬቴክስኤልኤስአር» የሚለውን ትዕዛዝ አስኪዱ። እዚያ ያሉት ፋይሎች በመዝገብ ነው የሚፈለጉት፤ ያልተመዘገበ አይገኝም። የግል ፎልደራችሁ ይህን አይጠይቅም። የምወድላችሁም ለዚህ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ቴምፕሌቱን ከቴሌግራም ገልብጣችሁ በኖትፓድ ስታስቀምጡት ስሙ መጨረሻ ላይ «.ቲኤክስቲ» ይለጠፍበታል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ቅጥያውን ስለሚደብቅ አታዩትም። በዓይናችሁ ፋይሉ አለ፣ ላቴክ የለም ይላችኋል። ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ «ቪው» ገብታችሁ የፋይል ቅጥያ እንዲታይ አድርጉ።

ቴክኢንፑትስ የሚባለውን ቫሪያብል ሰው ሊመክራችሁ ይችላል። የግድ ካልሆነ አትንኩት። ከነካችሁት ግን መጨረሻ ላይ መለያያውን ባዶውን አስቀምጡ፦ ኡቡንቱ ላይ ኮለን፣ ዊንዶውስ ላይ ሴሚኮለን። ያቺ ባዶ ጫፍ «የተለመደውን ዝርዝርም ጨምር» ማለት ናት። ከሌለች ላቴክ አርቲክልን እንኳ ማግኘት ያቅተዋል። እና ሰው ይህን ሲያይ ምን ያደርጋል? እንደገና ይጭናል።

9. ሦስተኛው ዝርዝር፦ ፎንት።

ዊንዶውስ ላይ የፎንት ፋይሉን በቀኝ ክሊክ ተጫኑና «ኢንስቶል ፎር ኦል ዩዘርስ» በሉ። ዝም ብላችሁ «ኢንስቶል» ካላችሁ ፎንቱ የሚገባው ዋናው የፎንት ፎልደር ሳይሆን የእናንተ የግል ፎልደር ነው፤ ወርድ ያየዋል፣ ላቴክ ላያየው ይችላል። ኡቡንቱ ላይ ሆም ውስጥ «.ሎካል/ሼር/ፎንትስ» ውስጥ ገልብጡትና «ኤፍሲ-ካሽ» በሉ። ከዚያ፦

ኤፍሲ-ሊስት :ላንግ=ኤኤም

ይህ አማርኛ የሚችሉትን ፎንቶች ብቻ ይዘረዝራል። የፎንቱን ስም ከዚህ ዝርዝር ገልብጡ። ስሙ የፋይሉ ስም አይደለም፤ የፎንቱ ስም ነው፣ ባዶ ቦታውም ይቆጠራል።

ኒያላን የለመዳችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ኒያላ በራሱ አይመጣም፤ ተጨማሪ ፎንት ሆኖ ለብቻ ይጨመራል። አብሮ የሚመጣው ኢብሪማ ነው። የጓደኛችሁ ላፕቶፕ ላይ የሠራው ሰነድ የእናንተ ላይ «ፎንቱ የለም» ካለ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

10. በትንሽ ሰነድ ሞክሩት።

መቶ ገጹን ቴሲስ አትክፈቱ። «ሰላም አዲስ አበባ» የምትል አንዲት መስመር ያላት ሰነድ ሥሩ፣ ፎንትስፔክ የሚባለውን ጥቅል ጥሩ፣ የአማርኛ ፎንታችሁን ስም ስጡ፣ በዚላቴክ አስኪዱ። ትንሿ ከሠራች ችግሩ ጭነቱ ላይ አይደለም፣ ቴሲሱ ላይ ነው። ሌላ መመሪያ ነው የምትፈልጉት።

ቴክስቱዲዮ የምትጠቀሙ ከሆነ ሲጫን የሚመርጠው ፒዲኤፍላቴክ የሚባለውን ሌላውን የላቴክ ፕሮግራም ነው። «ኦፕሽንስ»፣ «ኮንፊገር»፣ «ቢልድ» ገብታችሁ ኮምፓይለሩን ወደ ዚላቴክ ቀይሩ።

የተለመዱ ስህተቶች

ፒዲኤፉ ወጣ፣ ግን ባዶ ነው። ስህተትም አላለም። ይህ አዲስ ሰው ሁሉ የሚደነግጥበት ነው። ዚላቴክ ፎንቱ ውስጥ የሌለ ፊደል ሲያጋጥመው ያስጠነቅቃል እንጂ አይቆምም። ሎግ ፋይሉን (ሲሠራ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል) ክፈቱና «ሚሲንግ ካራክተር» የሚለውን ፈልጉ። የአማርኛ ፎንት ስላልሰጣችሁት በራሱ ላቲን ሞደርን ወደሚባለው ፎንት ሄዷል፤ እዚያ ውስጥ የኛ ፊደል የለም።

«ዩኒኮድ ዩ+1230» ወይም ተመሳሳይ ቁጥር ጠርቶ አላውቀውም አለ። 1230 «ሰ» ናት። የምታስኪዱት በፒዲኤፍላቴክ ነው፤ ደረጃ 10 ላይ ያለውን ቅያሬ አላደረጋችሁም።

«ሱዱ ቲኤልኤምጂአር» ስትሉ አልተገኘም ይላል፣ ያለ ሱዱ ግን አለ። (ቲኤልኤምጂአር የቴክ ላይቭ ጥቅሎች መጨመሪያና ማደሻ ነው።) ሱዱ ለደህንነት ሲባል የእናንተን ፓዝ ትቶ የራሱን አጭር ዝርዝር ነው የሚጠቀመው። ሆም ውስጥ ጭናችሁ ከሆነ ሱዱን ተዉት፣ አያስፈልግም። የአስተዳዳሪ ቦታ ላይ ጭናችሁ ከሆነ፦

ሱዱ ኢኤንቪ ፓዝ="$ፓዝ" ቲኤልኤምጂአር

ብላችሁ የራሳችሁን ዝርዝር አሲዛችሁ ላኩት። ከሱ ቀጥሎ ልታስኪዱት የፈለጋችሁትን ትጽፋላችሁ።

አዲሱን ዓመት ጭኜ አሮጌው ይነሳል። ፓዙ ላይ ዓመቱ ተጽፏል እኮ። አሮጌውን መስመር አጥፉት ወይም ቁጥሩን ቀይሩት። ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ማቆየት ይቻላል፣ ግን ዝርዝሩ ላይ አንዱን ብቻ።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሰነዱ አይከፈትም። መክፈት የለበትም። ሊጠረዝ የሚሄደው ፒዲኤፉ ነው፤ እሱን ብቻ በፍላሽ ያዙ።